ለሌንሳ ጥርስ የተሰፋ አሸንዳ

ባለፈው ሳምንት፣ አዳማ ላይ የማሠራውን ቤት ቆርቆሮ የሚመታው ፎርማን ደወለልኝ። «እህቴ፣ የጣሪያው አሸንዳ የቱ ይሁን? ጠባቡ አይበቃም? አዳማ ምን ዝናብ አላትና ነው ሰፊ የሚያስገቡት?» አለኝ። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሳቄ ሲያመልጠኝ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝ። ፎርማኑም ምን እንዳሳቀኝ ግራ ሲገባው፣ ቆይቼ እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁት። ምን ብዬ ላስረዳው? ያንኑ ጥያቄ ልጅ እያለሁ አዳሚ ቱሉ፣ የቤታችን በር ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። የታናሽ እህቴ የሌንሳ ጥርስ የተንጠለጠለው በመልሱ ላይ ነበር።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያደጋችሁ የኔ ዘመን ልጆች፣ ጥርስ ስል ገና ሳልጨርሰው ገብቷችኋል። የበለዘ ጥርስ ያለን ልጆች ነን እኛ። በቦኖ የምንቀዳው የጉድጓድ ውሃ ሲያዩት ኩልል ያለ ነው፣ ሲጠጡትም ደስ ይላል። ውስጡ ያለው ማዕድን ግን የልጅን ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እያለ ያበልዘዋል። ከበቀለ በኋላ በከሰል ብትፈትጉት፣ በአመድ ብትፈትጉት፣ ስንት መፋቂያ ብትጨርሱበት ወይ ፍንክች! የክፍላችንን ፎቶ ብታዩት የተኳረፉ ሰዎች ስብሰባ ይመስላል፤ ፎቶ አንሺው ሳቁ ባለን ቁጥር ከንፈራችንን ገጥመን ነበር የምናፈጥበት። ሰፈር ውስጥ የዘር ነው የሚል ነበር፣ ስኳር ነው የሚልም፣ ሙቀቱ ነው የሚልም ነበር። እርስ በርሳችን ሆነን ሱዚ ስንዘል ግን አፋችንን እስከ ጆሯችን ከፍተን ነበር የምንስቀው። ማን በማን ላይ ሊያሾፍ፣ ሁላችንም ያው ነን።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። የሚሰፋበት ክፍል ገበያው ዳር ነበር፤ እርጥብ ጨርቅ በከሰል ካውያ ሲተኮስ የሚወጣው ሽታ ከስፌት መኪናው ዘይት ጋር ተደባልቆ ገና ከበሩ ይቀበላችኋል። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም። እሁድ ቸርች ስንሄድ እንኳ እማዬ በር ላይ አስቁማ ነበር የምታወልቅለት። ሰው ወዳድ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ሲስቅ ግን ግራ እጁ ብድግ ብላ አፉን ትሸፍነዋለች። ደንበኛ ፊትም፣ እኛ ፊትም፣ ብቻውን ሆኖ ሬዲዮ ሲሰማም ያው ነው። እኔ የአባቴን ሳቅ የማውቀው በመዳፉ ውስጥ አልፎ ሲመጣ ብቻ ነበር፤ ግድግዳ ማዶ እንደተከፈተ የጎረቤት ሬዲዮ የታፈነ ነገር ነው። እማዬ ደግሞ ያደገችው ሆሳዕና ነው፣ ጥርሷ ወተት ነው። ያገባኋት ለጥርሷ ስል ነው እያለ ያበሽቃት ነበር፣ አሁንም እጁን አፉ ላይ አድርጎ።

ሌንሳ የተወለደችው እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እማዬ ልታስከትባት ጤና ጣቢያ ስትወስዳት አንዲት ነርስ የእናትና የልጅ ነገር አንስታ ስታጫውታት፣ የልጅ ጥርስ ከመብቀሉ ከብዙ ዓመት በፊት ድድ ውስጥ እንደሚሠራ ነገረቻት። ሕፃኗ ጡት ስትጥል ከቦኖው ውሃ ከጠበቃችኋት ጥርሷ እንዳንቺ ይሆናል፤ የዝናብ ውሃ ካገኛችሁማ እሱን የመሰለ የለም አለቻት። እማዬ ይህን ማታ እራት ላይ ስታወራ አባዬ ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ። ደጋግማ እንድትነግረው አደረጋት። እኔ መሀል ገብቼ «የኔስ ጥርስ?» አልኩ።

ሌላ አባት ቢሆን ይሸነግለኝ ነበር፤ ሲነቃነቅ ይወልቃል፣ ሌላ ይበቅላል ይለኝ ነበር። አባዬ ግን ወደ ራሱ አስጠግቶኝ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ላንቺ ዘግይተናል። ለእሷ ግን እንደርሳለን፤ አንቺም ትረጂኛለሽ» አለኝ። ያን ማታ አልቅሻለሁ፣ ምን ይደበቃል። ጠዋት ስነሳ ግን የሌንሳ ጥርስ ነገር የእኔም ጉዳይ ሆኖ ነበር። ልጅ ነሽ ብሎ ሳይንቅ እውነቱን ስለነገረኝ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

የዝናብ ውሃ ለማጠራቀም ከጣሪያ ጫፍ የሚወርደውን የሚቀበል አሸንዳ ያስፈልጋል። ያኔ በሰፈራችን አሸንዳ ያለው ቤት ጥቂት ነበር፣ ያለውም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ ከላሜራ የታጠፈ፣ ስንዝር የማይሞላ፣ ከጫፉ ሦስት ጣት ብቻ የሚያስገባ ቱቦ የተንጠለጠለበት። የሚሠሩት ጋሽ ሁሴን ነበሩ፤ ባልዲውንም፣ ምድጃውንም፣ የቤተክርስቲያኑንም የመስጊዱንም የቆርቆሮ ሥራ የሚሠሩ፣ የአባዬ የልብ ጓደኛ። አባዬ ሊያሠራ ሲሄድ ስለ ስፋቱ ጠይቆ ነበር። ጋሽ ሁሴን በራችን ድረስ መጥተው ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና፣ «አዳሚ ቱሉ ምን ዝናብ አላትና ነው ሰፊ የምትፈልገው?» አሉ። አባዬም አመነ። ማን የማያምን አለ? ቆላ ነን፤ ዓመቱን ሙሉ አቧራ ስንውጥ ኖረን ክረምት የሚባለው መጥቶ የሚሄደው በአፍታ ነው። ጥቂት ዝናብ፣ ጠባብ አሸንዳ። አገሩ ሁሉ የሚያስበው እንደዚያ ነበር።

ሌንሳ ጡት የጣለችው በክረምቱ መግቢያ ላይ ነው። አሸንዳው ተሰቅሎ፣ የታጠበ በርሜል ከሥሩ ቆሞ ጠበቅን። የመጀመሪያዋ ካፊያ ስትመጣ እማዬ ቱቦውን ወዲያ አዞረችው፤ የጣሪያው አቧራና የወፍ ኩስ ይታጠብ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እንይዛለን አለች። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ አመጣጡን አትጠይቁኝ። ከአርሲ ተራሮች በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ መጀመሪያ ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ቤት ድረስ ይዞብን ገባ፣ ከዚያ ያ የተጠማ መሬት ሽታ፣ ከዚያ ዶፍ! ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እየተጯጯህን እንኳ አንሰማማም ነበር። በመስኮት ሳይ ውሃው አሸንዳው ላይ አያርፍም፤ ከቆርቆሮው ጫፍ እየተስፈነጠረ ዘሎት ያልፋል። የገባው ደግሞ ያቺ ቀጭን ቱቦ አላሳልፍ ብላው ወደ ኋላ ተመልሶ በጠርዙ ይፈሳል። ሲከብደው ጊዜ አሸንዳው ጎበጠ፣ ምስማሩን ነቀለ፣ አንዱ ጫፉ ግድግዳው ላይ ወደቀ። ያ ሁሉ ውሃ የጭቃ ግድግዳችንን መብላት ጀመረ።

አባዬ እኛ ሁላችን ተሸሽገን ሳለ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደሆነ ግቢው መሀል ወጥቶ ቆመ። እማዬ ግባ፣ ትታመማለህ ብላ ብትጣራ አይሰማም። ከዳር እስከ ዳር እያየ፣ ቀና ብሎ፣ ዓይኑን በእጁ ከልሎ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ነበር። ሲያባራ በርሜሉን አየነው፤ ግማሽ አይሞላም፣ እሱም ከግድግዳው በተፈናጠረ ጭቃ ደፍርሷል። ሌንሳ ያን ማታ የጠጣችው የቦኖ ውሃ ነው። አባዬ ኩባያውን አፏ ላይ ሲይዝላት ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ክረምቱ እንደኛ አገር ክረምት ነው፤ ይህችን ካለፈ ለሌላ ዓመት ነው። ድድ ውስጥ ያለው ጥርስ ደግሞ ዓመት አይጠብቅም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ እንደ ልማዴ አባዬ ጋ ሄጄ ወለሉ ላይ የወደቀ መርፌና ስፒል እለቅማለሁ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከሻሸመኔ ሲመለስ ጎራ ብሎ ሱሪ ሊለካ መጣ። ሌላ ቦታ ያሰፋው አዲስ ሱሪ መሪ ሊጨብጥ ቁጭ ሲል ከኋላው ተተርትሮበት፣ በሸራ ሸፍኖት ነው የመጣው፣ ምስኪን። አሁን አባዬን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚስቅበት አንድ ጠባይ አለው። ሌላው ልብስ ሰፊ ቀጥ ብለህ ቁም ይላል፤ እሱ ከለካ በኋላ ቁጭ በል፣ ጎንበስ በል፣ ክንድህን አንሳ ይላል። ሰውን እንደ ጂምናስቲክ ነው የሚያሠራው። ሾፌሩንም ወንበር ላይ አስቀመጠውና ሜትሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ እያየ በዚያው ደርቆ ቀረ። ከዚያ ሜትሩን ጠቅልሎ አንገቱ ላይ ጣለና፣ ሾፌሩን ወንበር ላይ እኔን ከነስፒሌ መሬት ላይ ትቶን ወደ ጋሽ ሁሴን ሮጠ። እኔ ደግሞ ተከትዬው።

«ሁሴን፣ ጣሪያውን ቆሞ ነው የለካነው» አላቸው እያለከለከ። «ቁጭ አላደረግነውም።»

ጋሽ ሁሴን መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ ትናንት ያ ሁሉ ዝናብ ራሱን መትቶት ይሆን ብለው እንደሚጠረጥሩ ዓይነት አዩት። አባዬ ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ጥቂት ነው፣ ልክ ነው፤ ግን የዓመቱ ድምር ለአሸንዳው ምኑ ነው? የኛ አገር ዝናብ ሲመጣ እየተንጠባጠበ አይደለም፣ ያለውን ሁሉ ይዞ በአንዴ ነው የሚመጣው። ያቺ ሰዓት ናት ሱሪው የሚቀደድባት። ስለዚህ አሸንዳው የሚቆረጠው ለዓመቱ ሳይሆን ለዚያች ሰዓት ነው። ጋሽ ሁሴን ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። በመንደሩ ያሉትን አሸንዳዎች የሠሩት እሳቸው ናቸው፣ ኩራትም አላቸው። በመጨረሻ ግን «ነገ ጠዋት መሰላል ይዤ እመጣለሁ» አሉት። እንዲህ ዓይነት ሰው ናቸው እንግዲህ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ጠዋት ሁለቱም ጣሪያው ላይ ወጡ። እኔ የሜትሩን ጫፍ ይዤ እከተላለሁ፤ የጣሪያው ርዝመት በአንዴ ስለማይበቃው በጠመኔ ምልክት እያደረግን ነበር የምንለካው። አባዬ ርዝመቱን ብቻ ለክቶ አልተወም፣ ከጫፉ እስከ አናቱ ያለውንም ለካ። ጨርቁ ይኸ ሁሉ ነው፣ እዚህ ላይ የሚያርፍ ዝናብ በሙሉ በአሸንዳው ነው የሚያልፈው፤ ትልቅ ጣሪያና ትንሽ ጣሪያ አንድ ልክ አሸንዳ ሊለብሱ አይችሉም አለ። ከዚያ የኮት ንድፍ የሚያወጣበትን ካርቶን አምጥቶ የአሸንዳ ንድፍ ቆረጠ፤ አፉ ከስንዝር በላይ የሆነ፣ የውጪው ጠርዝ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ የታጠፈ። ካርቶኑን ከቆርቆሮው ጫፍ ሥር ይዞ እኔ ከላይ በባልዲ ውሃ እንዳፈስ አደረገኝ። ዘሎ ካለፈ እንደገና ይቆርጣል። ስንት ካርቶን እንደተበላሸ፣ እኔም ስንት ጊዜ ራሱ ላይ እንዳፈሰስኩበት እንጃ።

ጋሽ ሁሴን የጣሪያውን ጠርዝ ውሃ ልክ በክር አይተው፣ አሸንዳው ከመሀል ወደ ሁለቱም ዳር ትንሽ ትንሽ ዘቅዘቅ ቢል ውሃው እንደማይተኛ አሳዩት። ያን ሲሰማ አባዬ ፊቱ በራ። ኮት ሁለት እጅጌ አለው፣ እንግዲያው አሸንዳውም በሁለቱ ጫፍ ሁለት መውረጃ ይኑረው አለ፤ አንዱ ቱቦ ብቻውን ሲታነቅ አይተነዋል። ስፋቱንም በራሱ እጅ ለካው፤ ጨብጦ እስከ ክርኑ ድረስ ያለ ችግር የሚገባለት እንዲሆን። ጋሽ ሁሴን ላሜራውን በካርቶኑ ላይ አጠፉት፣ አባዬ ደግሞ ለልጆቻቸው የኢድ ልብስ ሰፋላቸው። ሰፈርተኛው ይስቅ ነበር። ልብስ ሰፊው ገመቹ ለጣሪያው ኮት አለበሰው እያለ አላፊ አግዳሚው ያሾፋል፣ ሴቶቹ እማዬን ቁልፉስ የት ነው የሚተከለው ይሏታል።

ኮቱ ተሰቀለ፣ ዝናቡ ግን ጠፋ። ደመናው ከአርሲ በኩል ይመጣል፣ ያጉረመርማል፣ ወደ ሐይቁ ያልፋል። እማዬ ጓዳ ገብታ ትጸልያለች። አባዬ ስፌቱን እየተወ በር ላይ ወጥቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። እኔ ትምህርት ቤት ሆኜ ዓይኔ ከመስኮቱ አይነቀልም ነበር።

መጣ ግን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከነአቧራው፣ ከነነፋሱ መጣ። የመጀመሪያውን ጣሪያ እንዲያጥብ ለቀቅነው፣ ከዚያ እማዬ አንዱን መውረጃ እኔ ሌላውን ወደ በርሜሉ አዞርን። ያንን ድምፅ አልረሳውም። ከዚያ በፊት ቆርቆሮ ላይ የሚጮህ ዝናብ እንጂ አሸንዳ ውስጥ የሚሮጥ ዝናብ ሰምቼ አላውቅም። አባዬ አሁንም ግቢው መሀል ቆሟል፣ ከዳር እስከ ዳር ያያል። ከጠርዙ አንዲት ጠብታ አትፈስም። ግድግዳችን ደረቅ ነው። ሁለቱም መውረጃዎች በርሜሎቹ ውስጥ እየተንዶለዶሉ ሞልተው ፈሰሱ፤ ጀሪካኑን፣ ሳፋውን፣ ድስቱን ሁሉ አወጣን። ጋሽ ሁሴን ላስቲክ ተከናንበው እየሮጡ መጥተው ከአባዬ ጎን ቆሙ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ዝናብ ላይ ቆመው አሸንዳ ያያሉ። ያኔ ልጅ ሆኜም ቢሆን፣ የኔ አባት ከሁሉም ሰው አባት ይበልጣል ብዬ በእርግጠኝነት አስቤአለሁ። ዛሬም ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ያ ውሃ የሌንሳ ውሃ ተባለ። አባዬ ለበርሜሎቹ አፍ ከአቡጀዲ ክዳን ሰፋላቸው፣ እማዬ እያፈላች በተለየ ጀበና መሳይ ማሰሮ ታስቀምጥላት ነበር። እኛ የቦኖውን እንጠጣለን፣ እሷ የሰማዩን። በሚቀጥለው ክረምት ሕፃን ያላቸው ጎረቤቶች ካርቶኑን መዋስ ጀመሩ፤ አባዬ ግን ዝም ብሎ አይሰጥም፣ መጀመሪያ ጣሪያቸውን ሄዶ ይለካል። ያንተ ጣሪያ ከኔ ይሰፋል፣ የኔ ኮት ይጠብብሃል እያለ ለየቤቱ እየለካ ቆረጠ።

ዓመታት አልፈው እኔ ሁለተኛ ደረጃ ከገባሁ በኋላ የሌንሳ የፊት ጥርስ ተነቃነቀ። መቼም የወለቀ ጥርስ ጣሪያ ላይ መወርወሩን አትረሱትም፤ ወፏ ክፉውን ወስዳ ደጉን እንድታመጣ ለምነን ነበር የምንወረውረው። ሌንሳ ለምና ወረወረች። ጥርሷ ቆርቆሮው ላይ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለች ተንከባላ ተመለሰችና አሸንዳው ውስጥ ጥልቅ! ልጅት ልቅሶዋን አቀለጠችው፤ ወፏ አሸንዳ ውስጥ አታያትም ብላ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ መሰላል ወጥቶ ፈለገ፣ አገኘላትም፤ የኔ አሸንዳ ምንም ነገር አያሳልፍም እያለ። ከዚያ ትከሻው ላይ አስቀምጧት ከጣሪያው ማዶ አስወረወራት።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። አባዬ ማታ ሲገባ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ አሁንስ? እማዬ ገና ነው ትለዋለች። አንድ ጠዋት ፊቷን ሳጥባት ድዷ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለኝ። ጮኼ ጠራሁት። ምላጭ እጁ ላይ እንደያዘ መጣ፣ በር ላይ ወደ ፀሐይ አዙሯት አገጯን በሁለት ጣቱ ቀና አደረገ። ብቅ ያለችው ጥርስ የሩዝ ፍሬ ታክላለች። ነጭ ናት። ነጭ ብቻ አይደለችም፣ የእማዬ ጥርስ ናት።

አባዬ ሳቀ። ግራ እጁ ግን የሌንሳን አገጭ ይዛ ነበር፣ ወደ አፉ አልሄደችም። ሳቁ ያለ መዳፍ ወጣ፤ ትልቅ፣ ክፍት፣ አጥር ተሻግሮ የሚሰማ ሳቅ ነው፣ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ ወጣ። የአባቴን ጥርስ በሙሉ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቡናማ ነው፣ እንደኔው። እንደዚያ ቀን አምሮ ያየሁት ሰው የለም።

ዛሬ ሌንሳ ሻሸመኔ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ደንበኛ ስትቀበል ጥርሷ ነው የሚቀድማት። አሸንዳውም ዛሬ ከሱቅ ተቆርጦ፣ ተቀብቶ ይመጣል፤ ፎርማኑ ምስሉን በስልክ ይልክላችኋል፣ እናንተ ቀለሙን ትመርጣላችሁ። ጥሩ ነው፣ ያምራል። ጣሪያውን ቀና ብሎ የሚያይ፣ ይህ ሁሉ በየት ይወርዳል ብሎ ዝናብ ላይ የሚቆም ሰው ግን ናፈቀኝ። እኔ ራሴ መቼ ቆሜ አውቃለሁ? ልጄ ዝናብ ሲመጣ መስኮት ዝጉ ነው የምትለው።

ፎርማኑ የደወለልኝ ዕለት ማታ አባዬ ጋ ደወልኩ። የፎርማኑን ጥያቄ በዚያው በፎርማኑ አነጋገር ነገርኩት፦ አዳማ ምን ዝናብ አላት። «ጣሪያውን ቁጭ አድርጋችሁ ለካችሁት?» አለኝ። አልለካንም አልኩት። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ፣ ሜትር እንዳትገዢ፣ የራሴን ይዣለሁ አለኝና ሳቀ። ስልክ ነው፣ ፊቱ አይታየኝም። እጁ አፉ ላይ እንደሌለ ግን ከሳቁ አውቄዋለሁ።